ሁለተኛዋም አልወለደችም



«መካን» የሚለው ቃል ሲነሳ በዓይነ ሕሊናችሁ የሚመጣው ማን ነው? እኔ በምኖርባት በዱከም ይህ ስም ለወንድ ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም። ኒካህ ታስሮ ዓመት ሳይሞላ የሰፈሩ ዓይን የሴቲቱ ሆድ ላይ ያርፋል። በሁለተኛው ዓመት አማት ማጉረምረም ትጀምራለች፤ በሦስተኛው ዘመድ ተሰብስቦ «ሌላ አግባ» ብሎ ይመክራል። በዚህ ሁሉ መሃል «ለመሆኑ አንተስ ተመርምረሃል?» ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ የት አለ?

ጎረቤታችን የሆነ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አለ፤ ዕድሜውን በጅቡቲ መስመር ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። የመጀመሪያ ሚስቱ አብራው በኖረችባቸው ስድስት ዓመታት ያልደረሰችበት ሐኪም ቤት፣ ያልጠጣችው መድኃኒት አልነበረም። በመጨረሻ ተፈትታ ወደ ወላጆቿ ተመለሰች። ሁለተኛ አገባ፤ ሁለተኛዋም አልወለደችም። የመጀመሪያዋ ግን ሞጆ ላይ ሌላ ትዳር ይዛ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ሱብሃነላህ! ሰውየው ይህንን እያወቀ እንኳ «የእኔ ወንድነት ምን ጎደለው?» እያለ ምርመራውን እንደሸሸ ነው። ሁለተኛዋ ሚስቱም የመጀመሪያዋ የተንከራተተችባቸውን የሐኪም ቤት ደጆች ዛሬ በተራዋ ታንኳኳለች።

ውድ አንባቢ! ከሚስት ጋር መገናኘት መቻልና ማስወለድ መቻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፈሳሹ እንደ ወትሮው ይወጣል፤ በውስጡ ግን የዘር ሕዋስ ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ይህን የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ እንጂ ዓይን አይደለም፣ ጉልበትም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የላቦራቶሪ መመሪያ የታችኛው መነሻ ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ሕዋስ ነው። ከዚያ በታች የሆነ ሰው አይወልድም ማለት አይደለም፤ ዕድሉ ይጠባል እንጂ። ከቁጥሩም ሌላ ወደፊት መዋኘታቸውና ቅርጻቸው ይታያል። ልጅ ካጡ ጥንዶች መካከል በግማሽ ያህሉ ችግሩ ከባልየው ብቻ ወይም ከሁለቱም ሆኖ ይገኛል። ግማሽ! ታዲያ ሴቲቱን ብቻ ይዞ መዞር ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

አላህ (ሱ.ወ.) የወንድን የዘር ፍሬ ከሆድ ውጭ ያደረገው ያለ ጥበብ አይደለም። ዘር በደንብ እንዲሠራ ከቀረው ሰውነት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይፈልጋል። እንግዲህ ከዱከም ተነስቶ አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽን አልፎ የአፋርን ሐሩር የሚያቋርጠውን ሹፌር አስቡት፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ፣ ከሥሩ የሞተር ሙቀት፣ በጉንጩ ጫት፣ በጣቱ ሲጋራ። ረጅም ሰዓት ተቀምጦ መንዳት የዚያን አካል ሙቀት ከፍ እንደሚያደርግ በሹፌሮች ላይ ተለክቶ ታይቷል። ሲጋራ የሕዋሱን ቁጥርም እንቅስቃሴም ይቀንሳል። በየመን በጫት ሱሰኞች ዘር ላይ በተደረገ ጥናትም ቅርጻቸው የተበላሸ ሕዋሶች በብዛት ተገኝተዋል። እነዚህን ነገሮች «መንገዱ እንዲያጥር» ብለው ለሚወስዱ ወንድሞቻችን ይህ ዜና ደስ እንደማይላቸው አውቃለሁ።

ዱከም ዛሬ የሥጋ ቤትና የተሳቢ መኪና ማደሪያ ብቻ አይደለችም። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ከመጣ ወዲህ ብዙ ወጣት በፋብሪካ ሥራ ያድራል። የትም ፋብሪካ፣ የትም ጋራዥ ይሁን፣ ከምድጃ አጠገብ የሚውል፣ የባትሪ እርሳስ የሚያቀልጥ፣ የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ስለ ሳንባው ብቻ ሳይሆን ስለ ዘሩም ሊያስብ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ላትሮፕ በተባለች ከተማ የተባይ መድኃኒት የሚያመርቱ ሠራተኞች እርስ በርሳቸው ሲጨዋወቱ ብዙዎቻቸው ልጅ እየወለዱ እንዳልሆነ አስተዋሉ። ቢመረመሩ ከፊሎቹ ዘራቸው ጥቂት፣ ከፊሎቹም ጨርሶ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ በአፈር ውስጥ ያለ ትል ለመግደል የሚያመርቱት ዲቢሲፒ የተባለው ኬሚካል ነበር። ልብ በሉ፣ ነገሩን ያወጣው በሠራተኞቹ መካከል የተደረገ ጨዋታ ነው! እኛ ዘንድ ይህ ጨዋታ ነውር ስለሆነ ሁሉም ሐዘኑን ለብቻው ይዞ ይኖራል።

ነውሩን ከዲናችን ያመጣነው የሚመስለው ካለ ቁርኣንን ይመልከት። አላህ በሹራ ምዕራፍ ለሻው ሴት፣ ለሻው ወንድ፣ ለሻው ሁለቱንም እንደሚሰጥና የሻውንም መካን እንደሚያደርግ ሲነግረን ጉዳዩን ለሴት ብቻ አላደረገውም። ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) ልጅ ሲበሰሩ የተናገሩት ስለ ሚስታቸው መካንነት ብቻ አይደለም፤ የራሳቸውንም እርጅና ጠቅሰዋል። ከዚህ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ስለ ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) የተዘገበው ነው። መውለድ የማይችል አንድ ሰው ማግባቱን በሰሙ ጊዜ ይህንን ለሚስቱ ነግሯት እንደሆነ ጠየቁት፤ አለመንገሩን ሲሰሙም ሄዶ እንዲነግራትና ምርጫውን እንዲሰጣት አዘዙት። ከአሥራ አራት ክፍለ ዘመን በፊት!

ደግሞም ብዙው ችግር መፍትሔ አለው። በዘር ፍሬ ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ማበጥ፣ ሐኪሞች ቫሪኮሲል የሚሉት፣ በብዙ ወንዶች ላይ ይገኛል፤ አስፈላጊ ሲሆን በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ጨብጥና መሰል ኢንፌክሽኖች ቱቦውን ሳይዘጉ ቢታከሙ ይድናሉ። ጡንቻ ለማፈርጠም ሆርሞን የሚወጉ ወጣቶችም መርፌው ራሱ የዘር ማምረቱን ሥራ እንደሚያቆመው ይወቁ፤ ሲተዉት አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይመለሳል። አንድ የዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪያልቅ 70 ቀን ያህል ስለሚፈጅ፣ ዛሬ ሲጋራ ያቆመ ሰው ለውጡን የሚጠብቀው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ከዚያ ያለፈ ሕክምና ካስፈለገ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። በላቦራቶሪ ስለሚደረግ ጽንስ የሚጠይቁም አሉ። በኋላ የአል አዝሃር ሼኽ የሆኑት ጃድ አል ሐቅ እ.ኤ.አ. በ1980 በሰጡት ፈትዋ ዘሩ የባልየው፣ እንቁላሉ የሚስቲቱ፣ ትዳሩም የጸና ከሆነ ፈቅደውታል፤ ሦስተኛ ሰው ከገባበት ግን አይሆንም።

ብዙዎችን የሚያስፈራው ናሙና መስጠቱ ነው። ባል በሚስቱ እርዳታ ሊሰጠው ይችላል፤ የቀረውን ኡስታዞችን መጠየቅ ነው። ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ናሙናውን ቤት ከወሰዱት ላቦራቶሪው በሰጠው ንጹሕ ዕቃ አድርገው፣ ከሰውነት አስጠግተው ሳይቀዘቅዝ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ማድረስ ነው። በተራ ኮንዶም አይወሰድም፤ ሕዋሶቹን ሊገድላቸው ይችላል። በአንድ ውጤትም ማንም አይፈረድበትም፤ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ምርመራው ይደገማል።