መምጣት ነበረብኝ

ልጆቼ ሆይ፤ የእንግሊዝን ቋንቋ የሚማር ሰው መጀመሪያ የሚቸገርበት የቃላቱ አጻጻፍ ነው፤ ከዚያም ቀጥሎ የድምፁ አወጣጥ ነው። እነዚህን ግን በልምድ ያልፋቸዋል። ብዙ ዘመን ከተማረ በኋላ እንኳ የማይለቀው ችግር ሌላ ነው፤ ይኸውም ያልሆነውን ነገር መናገር ነው። የሆነውን መናገር ቀላል ነው፤ «ሄድሁ» ማለትን ሕፃንም ያውቀዋል። «ምነው በሄድሁ» ለማለት ግን ብዙ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እኔ ሳልጠነቀቅ ጽፌ ያገኘኝን ነገር ልነግራችሁ እወዳለሁ።

ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የገባሁት ከቅኔ ቤት ወጥቼ ነው። ግስ ያወረድሁ፥ ርባ ቅምርም ያጠናሁ ስለ ነበርሁ ሰዋስው የተባለ ሁሉ ከእጄ የሚያመልጥ አይመስለኝም ነበር። መምህርታችን በዕድሜ የገፉ እንግሊዛዊት ነበሩ። የተሳሳተ ንግግር ሲሰሙ አይቈጡም፤ መነጽራቸውን አውልቀው እየወለወሉ «እስቲ እንደ ገና» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ በንዳድ ታምሜ በተኛሁ ጊዜ ሦስት ሌሊት መብራት ይዘው ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጠዋል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የኋለኛው ነገር እንዲገባችሁ ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ እርሳቸው ታመሙ። ቤታቸው ከእኛ መኝታ ቤት ድንጋይ ተወርውሮ የሚደርስበት ያህል እንኳ አይርቅም ነበር። ጓደኞቼ ተራ በተራ እየሄዱ ጠየቋቸው፤ እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልሁ ቀረሁ። ለሰው የምነግረው ምክንያት «በእንግሊዝኛ ምን ብዬ አጽናናቸዋለሁ» የሚል ነበር። እውነተኛው ምክንያት ግን የደከመ ፊታቸውን ማየት መፍራቴ ነው። አንድ ቀን ማለዳ ስነሣ መኪና መጥቶ ወስዷቸው ኖሮ ቤታቸው ተዘግቶ አገኘሁት፤ ወደ አገራቸው ተመለሱ ተባለ።

ወራት ካለፈ በኋላ ደብዳቤ ጻፍሁላቸው። በልቤ ያለው ቃል «ታመው ሳሉ ልጠይቅዎ መምጣት ነበረብኝ» የሚል ነበር። ይህንኑ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ መለስሁና «አይ ሀድ ቱ ከም ቱ ሲ ዩ» ብዬ ጻፍሁ። በጽሕፈቴም ማማር ደስ አለኝ።

እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉት። በአማርኛችን «መምጣት ነበረብኝ» ያለ ሰው ይምጣ ይቅር ከቃሉ ብቻ አይታወቅም። «መምጣት ነበረብኝና መጣሁ» ይባላል፤ «መምጣት ነበረብኝ፥ ነገር ግን ቀረሁ» ይባላል። የሚለየው በድምፁ አወራረድ፥ በፊቱ መክበድና ከኋላ በሚከተለው ቃል ነው፤ በደብዳቤ ላይ ደግሞ ፊት የለም። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን በሁለት ቤት አኑሯቸዋል። «ሀድ ቱ ከም» ያለ ሰው ግድ ሆኖበት መጣ ብለው ይረዱታል። «ሹድ ሀቭ ከም» ያለ ሰው ግን መምጣት ሲገባው ቀርቷል፤ ስለ መቅረቱም ይጸጸታል።

ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ እንደ ነበር ከፊደሉ ይታያል። በሽታው ጠንቶባቸው ስለ ነበር የመጣውን ሰው ሁሉ ለይተው እንዳላወቁ፥ የእኔንም መምጣት እንደማያስታውሱት፥ ስለዚህ ይቅር እንድላቸው፥ ስለ መምጣቴም ከልብ እንደሚያመሰግኑኝ ጽፈው ነበር። ሁለት ጊዜ አንብቤ ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ከእኔ በትምህርት የበለጠ ጓደኛዬ ግን «ምን ብለህ ጽፈህላቸው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ፤ በነገርሁትም ጊዜ ዝም አለ። በኋላም የጻፍሁትን ተረጐመልኝ። ፊቴ እሳት ሆነ። እኔ ሐሰት ለመናገር አላሰብሁም፤ ነገር ግን ያልሠራሁትን የሠራሁ ሆኜ ይቅርታ ተጠይቄያለሁ፥ ምስጋናም ተቀብያለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ክፍል እንደ ዳዊት ደጋገምሁት። እንግሊዞች የሌለውን ነገር ሲመኙ ጊዜውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይስቡታል። ዛሬ የማላውቀውን ነገር ዛሬ ባወቅሁ ብዬ ስመኝ «አይ ዊሽ አይ ኒው» እላለሁ፤ «ኒው» የኃላፊ ጊዜ ቃል ነው፥ ምኞቱ ግን የዛሬ ነው። ትናንት ያላወቅሁትን ምነው ባወቅሁት ስል አንድ እርምጃ ጨምሬ «አይ ዊሽ አይ ሀድ ኖውን» ማለት ይገባኛል። እኛ «ባውቅ ኖሮ እነግርህ ነበር» ስንል ለዛሬም ለትናንትም ይህ አንድ ንግግር ይበቃናል። ስለዚህ የአማርኛ ልጅ «ሀድ»ን ቢረሳት አይፈረድበትም፤ ትጎድልበታለች እንጂ። «ዎዝ» ማለት የለመደ ተማሪም «አይ ዊሽ አይ ዌር» ሲባል ይደነግጣል። በተራ ንግግር «ዎዝ» የሚሉ እንግሊዞች ብዙ ናቸው፤ በተጣራ ጽሕፈት ግን «ዌር» ይመረጣል።

ለታመመ ሰው ስትጽፉ ደግሞ ተጠንቀቁ። ይሆናል ብለው ተስፋ ለሚያደርጉት ነገር «ሆፕ» ነው እንጂ «ዊሽ» አይደለም። «አይ ዊሽ ዩ ዌር ዌል» ማለት ደኅና አይደለህም፥ ምነው ደኅና በሆንህ ማለት ነው፤ በሽተኛውን አያበረታውም። ስም ሲከተለው ግን፥ ጤናን ወይም መልካም በዓልን ስንመኝለት፥ «ዊሽ» ያለ ነውር ይገባል።

የሚያስቀው ነገር ይህ ሁሉ ለእኔ እንግዳ አለመሆኑ ነው። በግዕዝ «ሶበ» ብለን እንጀምርና «እም» ብለን እንመልሳለን፤ ሁለቱም ግስ በቀዳማይ አንቀጽ ይቆማል። በዮሐንስ ወንጌል በ11ኛው ምዕራፍ ማርታ ስለ ወንድሟ ሞት ለጌታ የተናገረችው በዚህ አገባብ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1611 ዓመተ ምሕረት የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም ይህንኑ ንግግር በሁለቱም ወገን በ«ሀድ» አቁሞታል፤ የዛሬ እንግሊዝኛ ግን ሁለተኛውን ወገን «ዉድ ሀቭ» ይለዋል። ለካ በቤቴ ያለውን ዕቃ ከጎረቤት ስለምን ኖሬአለሁ!

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ስሕተቴን ለማረም ሦስት ጊዜ ጻፍሁ፥ ሦስት ጊዜም ቀደድሁት። መጣልኝ ብለው ደስ ካላቸው ደስታቸውን ለምን እነጥቃለሁ ብዬ አሰብሁ፤ ይህም ያው የቀድሞው ፍርሃት ሌላ ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነበር። በአራተኛው ግን «አይ ሹድ ሀቭ ከም፥ ባት አይ ዲድ ናት» ብዬ ጽፌ አሽጌ ላክሁት። በዓመቱ ደብዳቤዬ እንደ ታሸገ ተመልሶ መጣ። በላዩ ላይ በማላውቀው እጅ «ዲሲስድ» የምትል አንዲት ቃል ተጽፋ ነበር። ትርጕሟን ያን ቀን ከመዝገበ ቃላት ፈልጌ አገኘሁ።

አሁን ይህን ክፍል ሳስተምር ሁለቱን ዓረፍተ ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን እጽፋለሁ። አምና አንድ ትንሽ ልጅ እጁን አንሥቶ፦

«የኔታ፥ ደብዳቤው አሁንም አለ?» አለኝ።

በማግስቱ ይዤው መጣሁ። ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ተመለከቱት። ያ ልጅ ተራው ሲደርስ ገልብጦ አየውና፦

«እንደ ታሸገ ነውኮ፤ ለምን አይከፍቱትም?» አለኝ።

«የእኔ አይደለም፤ የእርሳቸው ነው» አልሁት። በውስጡ ያለውንም ዓረፍተ ነገር በሰሌዳው ላይ ጻፍሁላቸው።