ተቀምጦ የሚነገር ወሬ

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ሎጊያ ውስጥ ከአንድ ባንክ በር ፊት ለፊት ዊልቸሬን ወደ ግንቡ ጥላ አስጠግቼ ተቀምጬ ነበር። ጭኔ ላይ ያለው ጥቁር ፌስታል የሱቄን የሳምንት ሽያጭ ይዟል። ባንኩ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ እኔ ደግሞ ከደረጃ ጋር ከተለያየሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ስለዚህ እንደ ወትሮው ሠራተኛዬ ቅጹን ይዞልኝ እስኪወጣ እጠብቃለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ አጠገቤ ቆማ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትን ተሳቢዎች ትቆጥራለች። አንድ መንገደኛ አለፈን፤ መለስ አለ፤ ኪሱን ዳበሰና ዐሥር ብር አውጥቶ ፌስታሉ ላይ አኖረልኝ። «እግዜር ይማርህ፣ ወንድሜ» ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ።

ልጄ ብሩን አየችው፤ ሰውዬውንም በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አባዬ፣ ሰውዬው ብድር ነበረበት እንዴ?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ መልሱ በቀለለኝ። እሱ ያደረገው፣ በአንድ አፍታ አይቶኝ የሕይወቴን ሒሳብ መዝጋት ብቻ ነው። ያን ዕለት ያልመለስኩላትን ጥያቄ እነሆ ዛሬ በጽሑፍ ልሞክረው።

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ወደዚህ በረሓ ያመጣኝ የጅቡቲ መንገድ ነው፤ በመጀመሪያ የከባድ መኪና ረዳት፣ በኋላም ሾፌር ሆኜ። በ1996 ዓ.ም. ከሚሌ ወዲህ መኪናዬ ተገለበጠ፤ አከርካሪዬ ተጎዳ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከወገቤ በታች ያለው አካሌ አልታዘዘኝም። አዲስ አበባ በተኛሁባቸው ወራት እናቴ ከራስጌዬ ተቀምጣ «ቤትህ ትገባለህ፤ እኔ አለሁልህ» ትለኝ ነበር። ፍቅር ነበር። ለእኔ ግን እንደ ፍርድ ተሰማኝ፤ ከእንግዲህ የምትኖረው በሌላ ሰው ዕድሜ ነው የተባልኩ ያህል።

ከጎኔ የተኙት አዛውንት የቀድሞ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣሁ አይተው «አበበን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«በባዶ እግሩ ሮጦ ሮም ላይ ያሸነፈውን?» አልኳቸው። በልቤ ግን፣ መራመድ ለተሳነው ሰው ስለ ሩጫ መተረክ ምን የሚሉት ማጽናናት ነው ብዬ ተቀየምኳቸው።

«እሱንማ ሁሉም ያውቀዋል» አሉኝ፤ «ተቀምጦ የተወዳደረውን ነው የምልህ።»

ያን ሁለተኛውን አበበ በኋላ እያነበብኩ አወቅሁት። አበበ ቢቂላ የሮምን ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከአምስት ሳምንታት ገደማ በኋላ ድሉን ደገመው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ግን ይነዳት የነበረችው መኪና ተገለበጠች። መጀመሪያ እጆቹም አልታዘዙት ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ታክሞ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን እንደተኙ ቀሩ። በ1962 ዓ.ም. በዚያው በእንግሊዝ፣ በዊልቸር ተቀምጦ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሁሉ ይልቅ የደነቀኝ አንድ የቀን አጋጣሚ ነው። አበበ የሮምን ጎዳና ከሮጠ ከስምንት ቀናት በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያችው ከተማ ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞች ውድድር ጀመሩ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ያ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ ባለ ድሉ ሯጭ የእነዚህ ሰዎች ባልንጀራ እንደሚሆን ማን ያውቅ ነበር?

እኔን ያጽናናኝ የኖርዌዩ ድል አይደለም። ዓለም የሰገደለት ሰው በማያውቀው ጨዋታ ጀማሪ ሆኖ ለመቅረብ አለማፈሩ ነው። ትናንት የነበረውን መልሶ ለማግኘት አልተወዳደረም፤ በቀረው እጅ አዲስ ነገር ጀመረ። ይህን ሳስብ ነው አልጋዬ ላይ ሆኜ «እኔስ ምን ቀረኝ?» ብዬ መቁጠር የጀመርኩት። የሞተር ድምፅ የሚለይ ጆሮ፣ ዕቃ የሚያውቅ እጅ፣ በየፌርማታው የሚያውቁኝ ሾፌሮች ቀርተውኛል። እናቴን አመስግኜ ወደ ሎጊያ ተመለስኩ፤ በብድርም የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈትኩ።

ሆኖም፣ አንባቢ ሆይ፣ አበበን እንደ አለንጋ የሚያነሡብኝም አሉ። «አበበ እንኳ አልተሸነፈም!» ይሉኛል፣ ጉድለቱ ሁሉ የወኔ ይመስል። አበበ ወኔ ብቻውን አላዳነውም፤ የተከፈተ በርም ነበረው። ሉድቪግ ጉትማን የተባለው ሐኪም በ1936 ዓ.ም. ስቶክ ማንዴቪል ውስጥ የአከርካሪ ሕክምና ክፍል ከመክፈቱ በፊት፣ እንደኛ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመኝታ ቁስልና በኢንፌክሽን ብዙ ሳይቆይ ይሞት ነበር። ጉትማን በሽተኞቹን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥን፣ ሥራንና ስፖርትን መድኃኒት አደረገ። በ1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ጉዳተኛ የቀድሞ ወታደሮችን በቀስት አወዳደረ። የፓራሊምፒክ ምንጭ ይህ ነው።

በር ሲከፈት የሚገባ ሰው አይጠፋም። አበበ ወርቅ ባጠለቀባት በቶኪዮ፣ በ2013 ዓ.ም. የማየት ጉዳት ያለባት ትዕግሥት ገዛኸኝ በ1500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አስገኝታለች። በአገራችንም የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568 በ2000 ዓ.ም.፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ያዘዘው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ወጥተዋል። አዋጁ ወረቀት ላይ ነው፤ እኔ ግን አሁንም ከሦስቱ ደረጃዎች በታች ነኝ።

ሎጊያ አትራራም። ሐጋይ በሚሉት የሐሩር ወቅት የዊልቸሬ ብረት እጅ ስለሚያቃጥል ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ጠቅልዬበታለሁ። በሱቄ ውስጥ መደርደሪያዎቹ ሁሉ ከደረቴ ቁመት አያልፉም፤ የሚያጎነብሰው ደንበኛው ነው። እዚህ ተጋብቻለሁ፤ እዚህ ወልጃለሁ። ጀርባዬን ሕመም ይዞኝ ሌሊቱን ስገላበጥ የማድርበት ጊዜም አለ፤ እሱን አልደብቅም።

ሰው መሆኔን በደንብ ያስታወሰኝ ግን የአፋር ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ። ዳጉ ማለት ይኸው ነው። ሱቅ በከፈትኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ የአፋር ሽማግሌ በሬ ላይ ቆሙ። ሌላው ሰው ከላይ ወደ ታች እያየ ያናግረኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ዱላቸውን አስተኝተው መሬት ላይ ቁጢጥ አሉ። በተሰበረ አማርኛቸው፣ በተሰበረ አፋርኛዬ ተነጋገርን። ከጋላፊ በኩል ስንት መኪና መጣ? ዝናቡ የት ወረደ? መንገዱ ሰላም ነው? ስለ እግሬ አንድም ቃል አልጠየቁኝም። ቀኑን ሙሉ ከአውራ ጎዳናው ዳር የሚቀመጥ ሰው ብዙ ያያል፤ ብዙ ያየ ሰው ደግሞ ለዳጉ ይፈለጋል። ያን ቀን መቀመጤ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ ሙያ ሆነ።

የአዋሽንም ነገር ያወቅሁት እዚሁ ስኖር ነው። ከደጋው ተነሥቶ ያን ሁሉ አገር ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ነገር ግን የዱብቲን ጥጥና የአሳይታን እርሻ ያየ ሰው፣ ባሕር አልደረሰም ብሎ አዋሽን ጎዶሎ አይለውም።

ወደ ሐሙሱ ልመለስ። ከቀትር በኋላ አንድ ሾፌር የሞተር ቺንጋ ተበጥሶበት ወደ ሱቄ ገባ። ያው ሰውዬ ነበር! አወቀኝ፤ መደርደሪያዎቹን አየ፤ ልጄን አየ፤ ላብ አጠመቀው። «ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፣ እኔ እኮ…» ብሎ ቃል አጠረው።

«መጀመሪያ ተቀመጥ» አልኩት፣ በርጩማውን እየጠቆምኩ። ተቀመጠ፤ ዓይናችን እኩል ሆነ። ከወዴት እንደመጣ፣ መንገዱ እንዴት እንደሰነበተ ጠየቅሁት። ሻይ መጣልን፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ አጫወተኝ። ሲነሣ ቺንጋውን ሰጠሁትና ከሒሳቡ ላይ ዐሥር ብር ቀነስኩለት። ሊከራከረኝ ፈለገ፤ ልጄ ግን ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ቀደመችው።

«ውሰደው እንጂ፤ ብድርህ እኮ ነው!»