የጠፋው በርሜል

በጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ ስሜ ‹‹ቲቸር›› ነው። ለ11 ዓመታት አገር ቤት ፊዚክስ ካስተማርሁ በኋላ ጠመኔውን ጥዬ የትራንዚት ሠራተኛ ብሆንም፣ ሾፌሮቹ የቀድሞ ማዕረጌን አልነፈጉኝም። ማዕረጉ ግን እስከዚያ ሐምሌ ድረስ ለማንም ጠቅሞ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ከባድ መኪና እያንዳንዳቸው 200 ሊትር የሚይዙ 80 በርሜል የሞተር ዘይት ጭኖ ወጣ። ሲጫን ጥላ በሌለው ግቢ፣ በቀትር፣ ጥቂቶቹ ለናሙና ተከፍተው በዘንግ ተለኩ፤ መልሰውም ታሸጉ። አዲስ አበባ ላይ በማለዳ ሲለኩ ዘይቱ በየበርሜሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የዕቃው ባለቤት ሲደምረው ከ200 ሊትር በላይ ጎደለ፤ አንድ በርሜል ሙሉ መሆኑ ነው። በርሜሎቹ ግን 80 ናቸው፤ ማኅተማቸውም አልተነካም። ባለቤቱ ‹‹መንገድ ላይ ቀድተህ ሸጠሃል›› ብሎ የሾፌሩን የጉዞ ሒሳብ ያዘበት።

ሾፌሩ ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ የድሬዳዋ ሰው ነው። ተመልሶ ሲመጣ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

‹‹ቲቸር፣ አንተ የተማርህ ነህ። ዘይት እንዲያው በመንገድ ይጠፋል?››

‹‹አይጠፋም ጋሼ፤ ሲበርደው ይሰበሰባል እንጂ›› አልሁና ወረቀት ስቤ ቀመሩን ጻፍሁላቸው። ዘይት ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ከ10,000 እጅ 7 እጅ ያህል ይጠብባል፤ ከ40 ዲግሪ ወደ 20 ሲወርድ ከ200 ሊትር ላይ 2 ሊትር ተኩል ያለፈ ይቀንሳል። ብረቱም ትንሽ ይጠብባል፤ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ወረቀቱን አገላብጠው አዩና በትሕትና መለሱልኝ። ‹‹ይህን ባሳየው ሌብነቱን በእንግሊዝኛ ያጻፍሁት ነው የሚመስለው።››

እውነታቸውን ነበር። ይህንኑ ምዕራፍ 11 ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። እንዳይጠይቁ ያደረግኋቸውም ሳልሆን አልቀርም። ታንዛኒያዊው ተማሪ ኤራስቶ ምፔምባ በ1963 እ.ኤ.አ. አይስክሬም ሲሠራ ትኩሱ የወተት ድብልቅ ከቀዘቀዘው ቀድሞ ሲረጋ አይቶ ቢጠይቅ፣ መምህሩ ‹‹ተሳስተሃል›› አለው፤ ጓደኞቹም ሣቁበት። ቆይቶ ጥያቄውን ለፊዚክስ ምሁሩ ለዴኒስ ኦስቦርን አቀረበለት፤ በ1969 ሁለቱ በአንድነት ጽሑፍ አሳተሙ። ሊቃውንቱ ዛሬም በነገሩ ይከራከራሉ። ይህን ታሪክ እያወቅሁ እኔም አንድ ልጅ ‹‹ውኃ ከመፍላቱ በፊት ጀበናው ለምን ያፏጫል?›› ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ክፍሉን አሥቄበት አልፌአለሁ። ከሥር የሚነሡት የእንፋሎት አረፋዎች ገና ያልሞቀው ውኃ ውስጥ ሲከስሙ የሚያሰሙት ድምፅ ነው። ለልጁ ግን አልነገርሁትም።

በማግሥቱ አንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ በሞተር ዘይት ሞላሁ፤ በጎማ ክዳኗ ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ ሰካሁ። ዘይቱ ቀፎው ወገብ ላይ ቆመ። ብልቃጧን በረዶ ውስጥ ነከርናት፤ ዘይቱ ወደ ታች ሸሸ። ፀሐይ ያቃጠለው ኮንቴይነር ላይ አስቀመጥናት፤ ቀስ እያለ ተመለሰና በአናቱ ፈሰሰ። ጫኝና አውራጆቹ ከበቡን፤ ከፊሉ በሶማሊኛ፣ ከፊሉ በአፋርኛ ‹‹ወጣ! ወረደ!›› እያሉ ይወራረዱ ጀመር። አስተርጓሚ የፈለገ አልነበረም። አንዱ ብቻ ‹‹ጫት ሳይገባ ቶሎ ጨርስልን›› አለኝ፤ ጅቡቲ ከቀትር በኋላ ትምህርት እንደማይሰጥባት የታወቀ ነው።

የቀረውን ትምህርት ሾፌሩ ራሳቸው ጨረሱት። ‹‹ለካ ይኼ ነው! የጥንቱ ባቡራችን ቀጭ ቀጭ የሚለው በሐዲዱ መጋጠሚያ ክፍተት ስለሚተውለት ነበር፤ ያለዚያ ብረቱ በሙቀት ይጎብጣል ይሉን ነበር›› አሉ። እኔ በ11 ዓመት ይህን ምሳሌ አንድ ቀን አላነሣሁትም።

ረዳታቸው ብልቃጧን በስልኩ ቀርጾ ለባለቤቱ ላከለት። እኔም ‹‹በሊትር ሳይሆን በኪሎ ይመዘን፤ ሙቀት ክብደት አይሰርቅም›› የሚል መልእክት ጨመርሁበት። ከሁለት ቀን በኋላ መልስ መጣ፤ አንዱ በርሜል ተመዝኖ ከፓኪንግ ሊስቱ ጋር ገጥሟል። ሒሳባቸውም ተለቀቀ።

ሾፌሩ ሊሰናበቱኝ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ‹‹ታዲያ ናፍጣ በማለዳ፣ ሲበርደው ብቀዳ አላተርፍም?›› አሉኝ።

‹‹የማደያው ታንከር የተቀበረ ነው ጋሼ፤ ከመሬት በታች ማለዳና ቀትር ያን ያህል አይለያይም።››

‹‹አንተ ደግሞ!›› አሉና ሞተራቸውን አስነሡ።