ፍሬን ለሁለተኛው አክስል

ልጆቻችን ውጭ አገር ከኖሩ በኋላ እኛ ወላጆች ልንጠይቃቸው ስንሄድ ከሁሉ የሚከብደን ብርዱ ወይም ቋንቋው አይደለም። የሚከብደን መቼ መናገር፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለብን መለየቱ ነው። ቤቱ የእነሱ ነው፤ ዕዳውም፣ ሥራውም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም የእነሱ ነው። እኛ እንግዳ ነን። ግን አያት ሆኖ እንግዳ መሆን ደግሞ አይሆንም። ባለፈው ክረምት ሚኒሶታ ልጄ ዘንድ ሦስት ወር ስቀመጥ ይህ ነገር የገጠመኝ ባላሰብኩት በኩል፣ በጀልባ መጫኛ ተሳቢ ፍሬን ነው።

ሚኒሶታ የሐይቅ አገር ነው። የመኪናቸው ሰሌዳ ላይ ሳይቀር «10 ሺሕ ሐይቆች» ተብሎ ተጽፏል። የእኛ ክረምት ለእነሱ በጋ ስለሆነ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውራ ጎዳናው ጀልባ በሚጎትቱ መኪኖች ይሞላል። የልጄ ባልም ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ዓሣ ማጥመድ ለምዶ፣ ሁለት ዓመት አጠራቅሞ አንድ ያገለገለ ጀልባ ከነተሳቢው ገዛ። ርዝመቱ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ተሳቢው ባለ ሁለት አክስል፣ ባለ አራት ጎማ ነው። የልጅ ልጆቼ ገና ግቢው ውስጥ እንደቆመ ወጥተውበት መልሕቁን እየጣሉ ሲጫወቱ ዋሉ።

እኔ ደግሞ ጀልባውን ትቼ ከሥሩ ጎንበስ አልኩ። የልማድ ነገር ነው። 27 ዓመት ከባድ መኪና ከነተሳቢው ነድቻለሁ፤ በመጀመሪያ የአሰብን መንገድ፣ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ደግሞ የጅቡቲን። የፊተኛው አክስል ላይ ታምቡር አየሁ፤ የፍሬን ዘይት ቱቦም ይደርሰዋል። የኋለኛው ግን ቸርኬና ኩሽኔታ ብቻ ነው። ከአራቱ ጎማ ፍሬን ያላቸው ሁለቱ ናቸው ማለት ነው።

ወዲያው አልተናገርኩም። የልጄ ባል ጨዋ ልጅ ነው፤ «አባባ» ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ ዕቃውን በገዛበት ቀን አማቱ ጉድለት ቢቆጥርበት ደስታውን መቀማት ይሆናል። ማታ ከእራት በኋላ ግን እንዲህ ስል ጠየቅሁት፦ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ከነጭነቱ ስንት ይመዝናል?»

«ወረቀቱ ላይ 3 ሺሕ 300 ፓውንድ ይላል አባባ፤ 1 ሺሕ 500 ኪሎ መሆኑ ነው» አለኝ።

«ይኼ ጀልባው ብቻ ነው ወይስ ከነተሳቢው?»

ዝም አለ። ከዚያ «የጀልባውና የሞተሩ ይመስለኛል» አለ።

ልጄ ከወጥ ቤት ሆና «አባዬ፣ ደግሞ ጀመርክ?» አለች። እኔ ግን መፍረዴ አልነበረም። ፍሬን ስንት ጎማ ላይ ይሁን የሚለው ጥያቄ የሚጀምረው ከሚዛን ነው። ሳይመዝኑ መከራከር የሰነፍ ሙግት ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠጠርና አሸዋ የሚሸጥበት ቦታ ሄድን፤ የመኪና ሚዛን አላቸው። ከመሄዳችን በፊት ጀልባው ለጉዞ እንደሚዘጋጀው ሁሉ እንዲሞላ ለመንኩት፦ ቤንዚን፣ ባትሪ፣ መልሕቅ፣ የመዋኛ ጃኬቶች፣ በረዶ የሞላ ሣጥን። የ9 ዓመቱ የልጅ ልጄ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበልን፦ 4 ሺሕ 940 ፓውንድ። በእኛ 2 ሺሕ 240 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከ22 ኩንታል በላይ። ከወረቀቱ 740 ኪሎ የበለጠው ከየት መጣ? ተሳቢው ራሱ ከአራት ኩንታል በላይ ነው። 150 ሊትር ቤንዚን ብቻውን 110 ኪሎ ይደርሳል። ቀሪው የምንጭነው ኮተት ነው። ከኋላ የሚከተለን ተሳቢ ልጆቹ ከሚቀመጡበት መኪና ጋር እኩል ክብደት ነበረው።

ሕጉን የልጄ ባል ራሱ ፈልጎ አነበበልኝ። አሜሪካ ውስጥ የተሳቢ ፍሬን ሕግ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ሚኒሶታን ጨምሮ በብዙዎቹ ከ3 ሺሕ ፓውንድ ማለትም ከ1 ሺሕ 360 ኪሎ ጀምሮ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ይጠየቃል። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ሁሉ ፍሬን ያስፈልገዋል። አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ክብደቱ ከፍ ሲል ፍሬኑ በሁሉም ጎማ ላይ እንዲሆን ያዛሉ። ሚኒሶታ ለግል መኪና እንደኛ አገር ቦሎ የሚለጠፍበት ዓመታዊ ምርመራ የላትም። ስለዚህ «ይበቃል ወይስ አይበቃም» የሚለውን የሚመልሰው ባለቤቱ ነው።

የልጄ ባል ክርክርም ባዶ አልነበረም። «አባባ፣ ከፋብሪካ የወጣው እንዲህ ሆኖ ነው። የሸጠልኝም ሰው ለዓመታት በዚሁ ጎትቷል። አገሩ ሜዳ ነው። ጀልባ ሲወርድ ጎማው ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ታምቡር ሲበዛ ዝገት ይበዛል፤ ዕቃው ደግሞ ወደ 400 ዶላር ነው» አለኝ። ሁሉም እውነት ነው። አንድ ሌላ ስጋትም ነበረው፤ ፍሬን ሲበዛ ጎማው ተቆልፎ ቢንሸራተትስ?

ይህን ለመመለስ የጀልባ ተሳቢ ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የከባድ መኪና ተሳቢ ፍሬን በአየር ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ የጭነት ተሳቢዎች በኤሌክትሪክ ይሠራሉ። ኤሌክትሪክና ውኃ ስለማይስማሙ ግን የጀልባ ተሳቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው በግፊት የሚሠራ የዘይት ፍሬን ነው። ጋንቾው ላይ ተንሸራታች ብረትና የዘይት ፖምፓ አለ። ነጂው ፍሬን ሲይዝ መኪናው ይቀዘቅዛል፤ ተሳቢው ወደፊት ይገፋል፤ ያ ግፊት ፖምፓውን ተጭኖ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ይልካል። ተሳቢው በገፋ መጠን ራሱን ይይዛል፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ ግፊቱም መያዙም ያንሳል። አራቱም ጎማ ፍሬን ሲኖረው በትንሽ ግፊት ብዙ ይይዛል፤ በዚህም መኪናውን መግፋቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የመቆለፍ ስጋቱ በዚህ ዓይነቱ ላይ ያን ያህል አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያሰብኩት ግን ሙቀቱን ነው። የታቀደው ጉዞ ወደ ዱሉዝ ነበር። ከሴይንት ፖል በአውራ ጎዳና 35 ወደ ሰሜን 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በአብዛኛው ሜዳ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ቶምሰን ከሚባለው ኮረብታ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ከተማዋ ይወርዳል። ከታች ሱፒሪየር ሐይቅ አለ፤ ጨው ከሌላቸው የዓለም ሐይቆች በስፋት አንደኛው ነው። ዕይታው ያምራል። ነጂ ግን ቁልቁለት ላይ ዕይታ አያይም።

ትልቋ የልጅ ልጄ 15 ዓመቷ ነው፤ ፊዚክስ ጀምራለች። ወረቀት አምጥታ እንድታሰላልኝ ጠየቅኋት። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሳቢን አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ለማቆም የሚያስፈልገውን ጉልበት፣ ያንኑ ተሳቢ 100 ሜትር ከፍታ ፍጥነቱን ሳይጨምሩ ከማውረድ ጋር አነጻጸረችው። የቁልቁለቱ ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ጥቂቱን ይወስዳሉ፤ የሞተሩ መያዝም ያግዛል። የቀረው ግን የሚለወጠው ወደ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱም የሚያርፈው ታምቡሩና የፍሬን ሸራው ላይ ነው። ደግሞ በግፊት የሚሠራ ፍሬን ቁልቁለት ላይ እረፍት የለውም። ነጂው ማርሽ ቀንሶ በሞተር ቢይዝም ተሳቢው መግፋቱን ስለማያቆም፣ እግሩ ፍሬን ሳይነካ እንኳ የተሳቢው ሸራ ታምቡሩን ሲፈትግ ይወርዳል። ያን ሁሉ ሙቀት ሁለት ታምቡር ይሸከመው ወይስ አራት? ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን ስላት ጣርማበርን ነገርኳት። ከዋሻው ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ፣ በፊያት 682 ዘመን፣ ሹፌሩ ገና ከአናቱ ማርሽ ቀንሶ በሰው እርምጃ ነበር የሚወርደው። ደብረ ሲና ደርሰን ቆሎ እየቆረጠምን ታምቡሩ እስኪበርድ እንጠብቃለን። ወጪ ለመቆጠብ የተሳቢያቸውን ፍሬን ዘግተው በጎታቹ ብቻ የሚወርዱ ነበሩ። ሜዳ ላይ ማንም አያውቅባቸውም። ቁልቁለት ላይ ግን የጎታቹ ሸራ ግሎ መያዝ ሲያቅተው፣ ያለ ፍሬን የቀረው ተሳቢ ከኋላ ይገፋና መኪናውን አጥፎ ወደ ገደሉ ይዞት ይሄዳል። እንዲህ የሄዱ ሰዎችን አውቃለሁ። የጀልባው ተሳቢ እንደዚያ አይደለም፤ ግማሽ ፍሬን አለው። ግን ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡትም የእኔ የልጅ ልጆች ናቸው።

የልጄ ባል ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። እኔም ዞሬ «አድርግ» አላልኩትም። ውሳኔው የአባትየው ነው። «መኪናህ ይህን መጎተት ይችላል፤ እሱን አልጠራጠርም። መጎተትና ማቆም ግን ሁለት ነገር ናቸው። አንተ መዝነው» ብዬ ተውኩት። ሰኞ ማታ ከሥራ ሲመለስ የሁለተኛውን አክስል ዕቃ ይዞ መጣ።

ሥራው ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። መጀመሪያ ያየነው አክስሉ ላይ ፍሬን የሚታሰርበት ባለ ቀዳዳ ብረት መኖሩን ነው፤ ያ ባይኖር አክስሉን መቀየር ግድ ይሆን ነበር። እሱ ነበረ። ቀጥሎ ጋንቾው ላይ ያለው ፖምፓ ለዚህ ክብደትና ለአራት የታምቡር ፍሬን የሚበቃ መሆኑን ከሰሌዳው አነበብን። አዲሶቹን ታምቡሮች በአዲስ ኩሽኔታና ግራሶ ገጠምን፤ የዘይት ቱቦውን ከፊተኛው አክስል ወደ ኋለኛው ቀጠልን። ከዚያ ከሩቁ ጎማ ጀምረን አየር አስወጣን፤ የ9 ዓመቱ ጠርሙስ ይዞ፣ ታላቁ ወንድሙ ብሎኑን እየከፈተና እየዘጋ። የሚጥለቀለቀው አረፋ ሲያበቃ ሁለቱም ጮኹ። ተሳቢው ከጋንቾው ቢወጣ ፍሬኑን ራሱ የሚይዘውን ገመድም ለየብቻ ፈተንነው። ወደ ኋላ ሲሄድ ፍሬኑ ራሱን እንዳይይዝ የሚከለክለው መሣሪያም መሥራቱን አየን፤ ያለዚያ ጀልባ ዳገት ላይ ወደ ኋላ መግፋት አይቻልም። በመጨረሻ ባዶ መኪና ማቆሚያ ውስጥ በዝግታ እየነዳ ደጋግሞ ፍሬን ያዘ። ሦስተኛው ላይ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ ከኋላ ሲገፋኝ የነበረው የለም» አለኝ።

ዱሉዝ በሄድን ቀን ከቁልቁለቱ በታች አስቁሜው ወረድኩ። ታምቡር ሲግል ስለሚያቃጥል አይነካም፤ እጅ ይቀርባል እንጂ። መዳፌን ከየጎማው ፊት ለፊት እያቀረብኩ ዞርኩ። አራቱም ሞቀዋል፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ልጆቹም ተራ በተራ መዳፋቸውን አቀረቡ። አንዱ ብቻ ቢግል ሸራው ተጣብቋል፤ አንዱ ብቻ ቢቀዘቅዝ አይሠራም ማለት እንደሆነ አስተማርኳቸው። ትንሿ፣ የ6 ዓመቷ፣ ከዚያ ወዲያ መኪና በቆመ ቁጥር መዳፏን ይዛ መሮጥ ጀመረች።

አገር ቤት ጀልባ የሚጎትት ቤተሰብ ጥቂት ነው። ጀነሬተር፣ የውኃ ታንከር ወይም ከብት በተሳቢ የሚያስጎትት ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ወላጆችና አያቶች ሦስት ጥያቄ ልተውላችሁ። ሞልቶ ስንት ይመዝናል? ወረቀቱን ሳይሆን ሚዛኑን እመኑ። በየት በኩል ነው የሚሄደው? ሜዳ ላይ የበቃ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ላይበቃ ይችላል። ሙቀቱን የሚሸከሙት ስንት ጎማ ናቸው?

ስለ መናገሩም ቢሆን እንዲሁ ነው። ልጆቻችን ትእዛዝ አይወዱም፤ እኛም በእነሱ ዕድሜ አልወደድንም። ጥያቄ ግን ይቀበላሉ፤ በተለይ መልሱን ራሳቸው ሄደው ሊመዝኑት የሚችሉት ከሆነ። ልጄ ልትሸኘኝ አውሮፕላን ማረፊያ ስታደርሰኝ «አባዬ፣ በሚቀጥለው ስትመጣ የመኪናውን ጎማ ታይልናለህ» አለችኝ። ጎማው እንኳ አዲስ ነው።