መረቅ ሲመዘን

በአገራችን ስለ ግጥም፣ ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ሥዕልና ስለ ተውኔት ሂስ መጻፍ ከተለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ባለሙያው በቀለም ወይም በቃል የሠራውን ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ተመልካቹ ደካማውን ከጠንካራው ለይቶ መናገሩ እንደ ነውር አይቆጠርም። ከድስት የሚወጣው ጥበብ ግን ከዚህ ዓይነቱ ምርመራ ውጭ ሆኖ ኖሯል ለማለት ይቻላል። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። በገበታ ፊት ከእንግዳ የሚጠበቀው ፍርድ ሳይሆን ምርቃት ነው። ወጡ ጨው ቢያንሰው፣ እንጀራው ቢሻክር፣ ሥጋው ከአጥንቱ አልላቀቅ ቢል፣ እንግዳው እጁን ታጥቦ ሲነሣ «እጅሽ ይባረክ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይተነፍስም። መረቅ የሚለው ስምና መረቀ የሚለው ግስ በድምፅ መቀራረባቸው የአጋጣሚ ነገር ሊሆን ይችላል፤ በመንዝ ቤት ግን ሁለቱ ከአንድ ሌማት ተለይተው አያውቁም።

ይህን ልማድ ለመፈተን የተነሡ አንድ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር አሉ። ትውልዳቸው መንዝ፣ መኖሪያቸው ደብረ ብርሃን ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል የተማሪ ድርሰት ሲያርሙ የኖሩ በመሆናቸው ቀይ እስክሪብቶ ዛሬም ከኪሳቸው አይጠፋም። ለሥራው ያነሣሣቸው በሎስ አንጀለስ የምትኖር ልጃቸው በስልክ ያጫወተቻቸው ነገር ነው። በዚያ ከተማ በስሱ የተቆረጠ የበሬ ጥብስ የተሸጎጠበት ዳቦ፣ ከዚያው ከሥጋው በወጣ መረቅ እየተነከረ ይበላል፤ ስሙንም «ፍሬንች ዲፕ» ይሉታል። የከተማው ሰው የየምግብ ቤቱን መረቅ እያነጻጸረ፣ ይኸኛው ቀጥኗል፣ ያኛው ጨው በዝቶበታል፣ የወዲያኛው ዳቦ ተልፈስፍሷል እያለ በጋዜጣ ይጽፋል። «ባለቤቶቹ አይቀየሙም?» ብለው ጠየቋት። «ቢቀየሙም ምግባቸውን ያሻሽላሉ እንጂ ጸሐፊውን አይረግሙም» አለቻቸው።

ስሙ የፈረንሳይ ይሁን እንጂ ምግቡ የአሜሪካ ነው። በሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሥራ የጀመሩት ፊሊፕስና ኮልስ የተባሉት ሁለት ምግብ ቤቶች «የፈጠርነው እኛ ነን» በማለት ሲከራከሩ ኖረዋል። የፊሊፕስ ትረካ፣ ፊሊፕ ማቲዩ የተባለው ፈረንሳዊ ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1918 ዳቦውን ሳያስበው ከመጥበሻው ውስጥ ስለ ጣለው ነው ይላል። የኮልስ ደግሞ ድዱን የታመመ አንድ ደንበኛ ዳቦው እንዲለሰልስለት ስለ ጠየቀ ነው ባይ ነው። መንዜ ይህን ክርክር ቢሰማ መሳቁ አይቀርም። ደረቅ እንጀራን በእርጥብ ነገር ማለስለስ ፈጣሪ የሚፈለግለት ጉዳይ አይደለም፤ በመጽሐፈ ሩት እንኳ ቦዔዝ ቃርሚያ ለቃሚይቱን ከአጫጆቹ ጋር አስቀምጦ ቁራሿን ከሆምጣጤው እንድታጠቅስ ይጋብዛታል።

በአማርኛ እንዲያውም ሥራው አንድ ግስ አልበቃውም። የሚጠቅስ ሰው የጉርሻውን ጫፍ ብቻ ነክቶ ያነሣል፤ ወይ ጨዋ ነው፣ ወይ አልተራበም። የሚነክር ጣቱ እስኪርስ ይዘልቃል። የሚያርስ መረቁን ከላይ አፍስሶ ይጠብቃል። የሚፈተፍት ደግሞ እንጀራውን ቆራርሶ መረቁን አንድ ጠብታ ሳያስቀር ያጠጣዋል፤ ይኸኛው የልጅ፣ የአራስና የሽማግሌ ምግብ ነው። በሎስ አንጀለሱ ቤት ዳቦው አንዴ ይነከር ወይስ ሁለቴ ወይስ ጨርሶ ይራስ ብሎ ማዘዝ እንደሚቻል ልጃቸው ስትነግራቸው፣ መምህሩ «እንግዲያው የቸገራቸው መረቅ ሳይሆን ግስ ነው» አሏት። ጠቀሰ የሚለው ቃል ሌላም ጣጣ አለው፤ ሃያሲ መጽሐፍ ይጠቅሳል፣ ጐረምሳ በዓይኑ ይጠቅሳል፣ ተመጋቢ ከወጡ ይጠቅሳል። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን «ሰምና ወርቅ» የተሰኘ መጽሐፉን ለመጻፍ ወደ መንዝ መጥቶ ማጥናቱ በከንቱ አልነበረም።

የመንዝ መረቅ መነሻው የመንዝ በግ ነው። አካሉ ትንሽ፣ ጠጉሩ ሻካራ፣ ላቱ አጭርና ወፍራም የሆነው ይህ በግ የደጋውን ብርድ የለመደ ነው። ሱፉ ባናና በርኖስ፣ ቆዳው አጎዛ፣ ሥጋው ቅቅል ይሆናል። በደብረ ብርሃን ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ይህን በግ አዋሲ ከሚባለው የውጭ ዝርያ ጋር እያዳቀለ በአካል ከፍ ያለ ዘር ማውጣቱ ይታወቃል። መምህሩ የድቅሉን ቅቅል ቀምሰው አላጣጣሉትም፤ ሆኖም በማስታወሻቸው ላይ «ድቅሉ ለሥጋ፣ ያገሩ ለመረቅ» ብለው ጽፈዋል። ይህ የመንዜ አድልዎ ነው ወይስ የምላስ እውነት የሚለውን አንባቢ ሁለቱንም ቀምሶ ይፍረድ።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። አጥንት ያለው ሥጋ፣ ውሃ፣ ጨው፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት እርድና መጨረሻ ላይ ቃሪያ ነው። ነገር ግን በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው በመሐል ሜዳ ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃው ቢንተከተክም ሙቀቱ የቆላውን ያህል አይደለም፤ ስለዚህ አዋሽ ላይ ቶሎ የሚበስል አጥንት መንዝ ላይ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። የቀድሞዎቹ እናቶች ይህን በቁጥር ባያውቁትም በእጃቸው ያውቁት ነበር፤ ድስቱን ማታ ጥደው በኩበት እሳት ያሳድሩታል። ዛፍ በጠፋበት ደጋ ኩበት የችግር ማገዶ ነው፤ ነገር ግን ነበልባል ሳያበዛ ቀስ ብሎ ስለሚነድ መረቅ የሚፈልገው እሳት ይኸው ነው። አሁን ብዙ ምግብ ቤቶች እንፋሎቱን አምቆ በግፊት የሚያበስል ድስት ገዝተዋል። ሥጋው በአንድ ሰዓት ይበስላል፤ መረቁ ግን ደመናማ ይሆናል፤ የቅልጥሙም ቃና ይጎድለዋል። ጉድለቱን ለመሙላት በወረቀት የተጠቀለለች የቅመም ኩብ ትጨመራለች። መምህሩ ይህችን ኩብ ከሩቅ ያውቋታል፤ የምግብ ቤቱን በር ሳያልፉ በሽታዋ ይለዩአታልና።

ሌላው ነገር ላቱ ነው። የበግ ጮማ በብርድ ቶሎ ይረጋል። በደጋ ጧት በቀዝቃዛ ሳሕን የቀረበ መረቅ ሦስት ጉርሻ ሳይነሣለት ከላዩ ነጭ ቆዳ ያለብሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ምግብ ሳይሆን ሰም ነው። ሳሕኑን በፈላ ውሃ አሙቃ የምታቀርብ ባለሙያ ከመምህሩ ዘንድ ሥጋው ሳይቀመስ ግማሹን ነጥብ ታገኛለች።

እንጀራውም የገብስ ነው። የገብስ እንጀራ ከጤፉ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል፤ ይህ ጉድለቱ ለፍትፍት ሲሆን ሙያው ነው፤ የትናንቱ እንጀራ የዛሬውን መረቅ ይጠጣልና። በየከተማው ግን ፉርኖ ዳቦ ገብቷል። ቃሉ የጣሊያን ነው። ዳቦው ላዩ ጠንከር ብሎ ውስጡ የሳሳ ስለሆነ ለመጥቀስ ይመቻል፤ ለመፈትፈት ግን አይሆንም፤ ይሟሟል። መምህሩ በዚህ ረገድ ከሎስ አንጀለሶች ጋር ተስማምተዋል።

ለጉብኝታቸው ያወጡት ሥርዓት ጥብቅ ነበር። ማንነታቸውን አይናገሩም፤ ሒሳባቸውን ይከፍላሉ፤ በበዓል ሰሞን አይሄዱም፣ በበዓል መጥፎ መረቅ የለምና። ከዓመቱ ቀናት እኩሌታ ያህሉ ጾም በመሆኑ ሥራው ከታሰበው በላይ ረዘመ። ረቡዕና ዓርብ መንገድ ላይ ከዋሉ የተልባ ፍትፍት ይመዝናሉ። ተልባው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲቀርብ ከበግ መረቅ ጋር የሚወዳደርበት ጊዜ አለ፤ ይህን ሲጽፉ እጃቸው እንደ ተንቀጠቀጠ ከማስታወሻው ላይ ያስታውቃል።

የጣርማ በር መገንጠያ ላይ፣ ጣሊያን ከቆፈረው ዋሻ አጠገብ የቀመሱት መረቅ የሾፌር መረቅ ነው፤ ትኩስ፣ ጨዋማ፣ ቶሎ የሚቀርብና ቶሎ የሚረሳ። ከ20 ነጥብ 11 ሰጥተውታል። መዘዞ ላይ ሥጋ አላገኙም። ሞላሌ ላይ በአንዲት ጠባብ ቤት የጠጡትን ግን በሁለት ገጽ ገልጸውታል። ድስቱ የሸክላ ነበረ፤ በጉም አሮጊት ነበረች። ሰዎች ሙክት የተሻለ መረቅ ይሰጣል ብለው ያምናሉ፤ ለጥብስ እውነት ነው። ለመረቅ ግን ብዙ ክረምት ያሳለፈች በግ፣ እሳቱ ከታገሣት፣ ከአጥንቷ የምታወጣው ጣዕም በጠቦት ዘንድ አይገኝም። ሙክቱማ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ነገሩ የከበደው መሐል ሜዳ ላይ ነው። የገበያ ቀን ነበረ፤ ቤቱ በሰው ተጨናንቋል። የቀረበላቸው መረቅ ሙቅ ነው፣ ሽታውም ደግ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ነው። እንጀራውን ሲነክሩት ረጠበ እንጂ አልጣፈጠም። ባለቤቲቱ ሳሕኑን ለማንሣት መጥታ ግማሹ መቅረቱን አየች።

«ምነው ጋሼ፣ አልተስማማዎትም?»

በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ሰው የሚመልሰው መልስ የታወቀ ነው። መምህሩ ግን ለሠላሳ ዓመት «ጥሩ ነው» ብሎ ለሰነፍ ተማሪ የሚያልፍ መምህር ተማሪውን እንደ ሰደበው ሲናገሩ የኖሩ ናቸው።

«እታለም፣ ውሃ ጨምረሽበታል» አሏት።

በአጠገባቸው የተቀመጡት ገበያተኞች እጃቸውን ከሳሕናቸው አነሡ። እርስዋም ጥቂት ዝም ብላ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ በአካባቢው ሲያልፍ በጎችዋም፣ ትልቁ ድስትዋም፣ የእህል ጎታዋም አልተረፉም። ከዚያ ወዲህ ከሰው ድስት ተውሳ ነው የጀመረችው። በግ ከገበያ ትገዛለች፤ ለአርባ ሰው የሚበቃ አጥንት ለመግዛት አቅም የላትም፤ ሰውን ደግሞ «አልቋል» ብላ መመለስ አልቻለችም። «ቀጥኖ ቢጠጣ ይሻላል ብዬ ነው፤ ከመራብ» አለች። ቀጥላም፣ «ይህን የነገሩኝ እርስዎ የመጀመሪያ ነዎት። ሁሉም መርቆኝ ይወጣል፤ ተመልሶ ግን አይመጣም። ለምን እንደማይመጣ የሚነግረኝ አጥቼ ነበር» አለቻቸው።

መምህሩ በዚያ ምሽት ነጥብ አልሞሉም። ከባዱ ጥያቄ ለእውነት ስንት ይገባዋል የሚለው አልነበረም፤ እርሱን በአፋቸው ተወጥተውታል። ጥያቄው የተጻፈ ቃል የት ይደርሳል የሚለው ነው። በሎስ አንጀለስ አንድ ጋዜጣ መረቁን ቢነቅፍ ቤቱ በሚሊዮን ከሚቆጠረው ሕዝብ ሌላ ተመጋቢ ያገኛል። በመሐል ሜዳ ግን ወሬው ከአንድ ገበያ እስከሚቀጥለው ገበያ አገሩን አዳርሶ ያድራል። ከዚህም የተነሣ ስለ ሂስ የነበራቸውን ሐሳብ ሳይለውጡ፣ ሂሱ የሚነገርበትን ቦታ ለወጡ፤ የነቀፉትን ለባለቤቱ በቃል፣ ያመሰገኑትን ለሕዝብ በጽሑፍ ማድረስ የሚል ደንብ ጨመሩ። አንድ ወዳጃቸው ይህ ሂስ ሳይሆን ሽምግልና ነው ብሎ ተከራክሯቸዋል። ክርክሩ ጉልበት አለው፤ የተደበቀ ነቀፌታ ሌላውን ተመጋቢ አይጠብቀውምና። መምህሩ ግን አልተመለሱም።

በማግስቱ ጧት፣ ገበያው ተበትኖ ከተማው ጸጥ ሲል፣ ወደዚያው ቤት ተመልሰው ነበር። ሴትዮዋ ለቤተሰብዋ ያሳደረችውን መረቅ በጀበና ስኒ ቀድታ አቀረበችላቸው። ከተሰባበረ ቅልጥም የወጣ፣ ጥርት ያለ፣ የላቱ ዓይን ከላዩ እንደ ሳንቲም የሚንሳፈፍ ነበረ። ከ20 ነጥብ 18 የሰጡት ለዚህ ነው፤ ሒሳብ ግን አልተቀበለቻቸውም፤ ስለዚህ በራሳቸው ሥርዓት መሠረት ነጥቡ አይጸናም። ሰርዘው እንደገና ጽፈውታል፤ እንደገናም ሰርዘውታል።

ከዚያ በኋላ ጓሳን አቋርጠው ግሼ ራቤል ደረሱ። ጭላዳዎቹን ከማየት በቀር የሚጻፍ አላገኙም፤ የደረሱበት ቀን ዓርብ ነበረ፣ ተልባውም ትኩስ አልነበረም።

መርሐቤቴ የመጨረሻው ነው። ከለሚ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና ዓለም ከተማ የሚወጣው መንገድ በአንድ ቀን ከደጋ ወደ ቆላና ወደ ወይና ደጋ ያደርሳል። እዚህ መረቁ የፍየል ነው፣ እንጀራው የጤፍ ነው። ፍየሉ ላት ስለሌለው መረቁ ቀለል ይላል፤ ሳሕኑ ቢቀዘቅዝም ቆዳ አይለብስም። የጤፉ እንጀራ ዓይኖች መረቁን በእኩል ስበው ይይዛሉ፤ ሲጎረስም አይበጠስም፣ አይንጠባጠብም። መምህሩ ሦስት ቤት ቀምሰዋል። በሦስተኛው ቤት በማስታወሻቸው ኅዳግ ላይ፣ ከሌላው ጽሕፈት ባነሰ ፊደል፣ ለመጥቀስ ጤፍ ከገብስ ሳይበልጥ አይቀርም የሚል ቃል ሰፍሯል። ልጃቸው ደውላ «ታዲያ የትኛው ምርጥ ሆነ?» ስትላቸው ግን ስለ ሞላሌዋ አሮጊት በግ ሲተርኩላት ካርዳቸው አለቀ።