ዳገቱን መልመድ

ውድ እህቴ፣ መንጃ ፈቃድ ይዘሽ መሪ መጨበጥ ያስፈራሽ እንደሆነ፣ እንዳንቺ ያለነው ብዙ ነን። እኔን ያንቀጠቅጠኝ የነበረው ከለገሃር ወደ ፒያሳ የሚያወጣው የቸርችል ጎዳና ዳገት ነው፤ መኪናው ወደ ኋላ ቢንሸራተትስ እያልሁ በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

ፍርሃት ሲሸሹት ይበረታል፤ ሽሽቱ ለጊዜው እፎይ ስለሚያሰኝ ልብ «የዳንሁት በመሸሼ ነው» ብሎ ያምናልና።

ስለዚህ ከአሠልጣኝ ጋር፣ እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል፣ ከትንሽ ዳገት ጀመርሁ። የእጅ ፍሬን ስቦ አንደኛ ማርሽ ማስገባት፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ መልቀቅ፤ የሞተሩ ድምፅ ሲከብድ ነዳጅ እየሰጡ የእጅ ፍሬኑን ማውረድ። እግሬ ይህን ሲለምድ ቸርችልን ወጣሁት። ልቤ መምታቱን አልተወም፤ መኪናው ግን ወደ ኋላ አልሄደም።

አንቺም የሚያስፈራሽን ለይተሽ ዕወቂ፤ ከቀላሉም ጀምሪ።