እውነቱን አገኘ፤ ታዲያስ?

አንዳንድ መምህራኖቻችን «ርካሽ ልቦለድ» ይሏቸዋል፤ ሽፋናቸው ላይ ሽጉጥ የጨበጠ እጅና ፀጉሯ የተበተነ ሴት የማይታጣባቸውን የኪስ መጻሕፍት። እኛ ደግሞ እንወዳቸዋለን። ተደብቀን አይደለም የምናነባቸው። ለፈተና የምናነበው ሌላ፣ እንቅልፍ የሚነሳን ሌላ መሆኑን መካድ ምን ይጠቅመናል?

ሰሞኑን መኝታ ክፍላችንን ያመሰው የዴቪድ ጉዲስ «ዳርክ ፓሴጅ» ነው። የታተመው በ1946 ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ይያዝልን)። ያለን ቅጂ አንድ ብቻ፣ እሱም ጥራዙ የላላ ስለነበር ለሦስት ገንጥለን ተካፈልነው። የመጨረሻው ክፍል የደረሰው ጓደኛችን ገዳዩን ከሁላችን ቀድሞ አወቀና ሁለት ቀን አፉን ይዞ ከረመ። ሊናገር ሲል በትራስ እንለዋለን።

ቪንሰንት ፓሪ በሳን ፍራንሲስኮ የሚኖር፣ ደመወዙ ትንሽ፣ ትዳሩ የማያምር የቢሮ ሠራተኛ ነው። ሚስቱ በሲጋራ መተርኮሻ ተመትታ ትሞታለች። መተርኮሻው ላይ የሱ አሻራ ተገኘ። እንዴ! በገዛ ቤቱ ዕቃ ላይ የማን አሻራ ሊገኝ ኖሯል? የበለጠ የጎዳው ግን ማጅ የምትባል የቤተሰብ ወዳጅ ነች። «ሟቿ ነፍሷ ሳይወጣ ባሌ ነው የገደለኝ ብላኛለች» ብላ መሰከረች። በሟች አፍ የተነገረን ቃል ማን መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቀዋል? ፓሪ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ሳን ኩዌንቲን ወህኒ ቤት ገባ።

ከዚያ ያመልጣል። አይሪን የምትባል ወጣት ታስጠጋዋለች፤ የሷም አባት ባልሠራው ወንጀል ተፈርዶበት እስር ቤት የሞተ ነው። አንድ ሐኪም በሌሊት ፊቱን ቀዶ ይለውጥለታል። (በ1947 የወጣው ፊልም እዚህ ላይ ብልሃት አለው፤ ፋሻው እስኪፈታ ድረስ አብዛኛውን የምናየው በራሱ በፓሪ ዓይን ስለሆነ የሃምፍሪ ቦጋርትን ፊት ለማየት ብዙ እንጠብቃለን።) ማሳደዱ፣ ገንዘብ የሚጠይቀው አስፈራሪ፣ የጓደኛው መገደል፣ ይህን ሁሉ አንባቢ ራሱ ይድረስበት። እኛን ያጣላን መጨረሻው ነው።

ፓሪ እውነቱን ያገኛል። ሚስቱን የገደለችው ያቺው ምስክር፣ ማጅ ነች። ይህንንም ከራሷ አፍ ይሰማል። ግን ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም! ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማጅ በመስኮት ወድቃ ትሞታለች። እውነቱ በእጁ ገባ፤ የሚያስረዳለት አንደበት ግን አብሯት ወደቀ። አሁን ቢያዝ እንዲያውም የሷም ደም በሱ ላይ ነው። የቀረው መንገድ ወደ ፔሩ መኮብለል ብቻ ሆነ።

«ይሄማ መጨረሻ አይደለም!» ብሎ የጮኸው ከመካከላችን ብዙው ነው። አንዱ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለውን አምጥቶ ደራሲው ተቻኩሏል አለ። ይህን መሰል ጥም የሚያረካ ታሪክ ለሚፈልግ ቴሌቪዥኑ አለለት። ከ1963 እስከ 1967 በአሜሪካ የታየው «ዘ ፊዩጂቲቭ» ሚስቱን ገድለሃል ተብሎ ሞት የተፈረደበትን ሐኪም ያሳያል። እሱም ያመልጣል፤ አንድ እጅ ያለውን ሰው አራት ዓመት ሲያሳድድ ይኖራል። በመጨረሻ ያ ሰው ተመትቶ ይሞታል። ሐኪሙን ነፃ ያወጣው ግን ግድያውን በዓይኑ አይቶ በፍርሃት ዝም ብሎ የኖረ ጎረቤት ነው፤ እመሰክራለሁ አለ። ልብ በሉ፤ በሁለቱም ታሪክ ጥፋተኛው ወድቆ ሞቷል። ልዩነቱ አንድ ምስክር ነው።

ጉዲስ ራሱ ይህ ድርሰት ከመጽሐፌ የተወሰደ ነው ብሎ በ1965 ክስ መሥርቶ ነበር። በ1967 መጀመሪያ በ49 ዓመቱ ሞተ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ ያደረገውን ውሳኔ የሻረው በ1970 ነው። የፓሪን መጨረሻ የጻፈ ሰው ይህንን ቢሰማ የሚገረም አይመስለንም።

እኛ ስንጯጯህ አንድ ጓደኛችን ዝም ብሎ ነበር። ያ ተረት ሲጠቀስ ብቻ «ለማን ነው የሚጠራው?» አለ። ከዚያ አወራን። አባቱ የጎረቤት የጤፍ ክምር አቃጥለሃል ተብለው ሦስት ዓመት ታስረዋል። በእሳቱ ብርሃን አየኋቸው ያለው አንድ ሰው ነበር። ያ ሰው ሊሞት ሲል በውሸት መስክሬአለሁ ብሎ ለዘመዶቹ ተናገረ፤ ይቅርታም ላከ፤ ሞተ። ዛሬ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለቅሶ ቤት አባትዬውን ከፍ ካለው መቀመጫ ያስቀምጧቸዋል። መዝገቡ ግን አያውቅም። ዘመዶቹ ፍርድ ቤት ቀርበው የሟችን ስም ማንሳት አልፈለጉም፤ በነሱስ ይፈረዳል? እንጃ፤ በዚህ እስካሁን አልተስማማንም።

ሽማግሌው የፍርዱን ግልባጭ በላስቲክ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ያኖሩታል አለን። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ፊደል የቆጠረ እንግዳ ሲመጣ ያወጡና «እስቲ አንብብልኝ» ይላሉ፤ ምናልባት ውስጡ የተለወጠ ነገር እንዳለ። ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ሁለት ጊዜ አስነብበውታል።